ድምፁን ብቻ ነው የምንወስደው

ጥቅምት 12፣ ጥዋት
ቅጂ መስማት። የሱሉልታውን ነፋስ አበላሽቶታል፤ የሰበታውን ጡሩምባ። ጥርት ያለው የቡራዩው ነው፣ በተለይ የአከራዬ የወ/ሮ ዘይነባ። ኮምፒውተር የአማርኛ ንግግር እንዲለይ የምናስተምርበት ነው። ለሁሉም የምለው አንድ ነው፦ የፈለጋችሁትን አውሩ፤ ድምፁን ብቻ ነው የምንወስደው። እሳቸው አምነውኝ አወሩ። እኔ የነገሩኝን ልቦለድ አደረግኩት፤ ለመጽሔትም ላክኩት። ይህን ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም፣ ደብተሬ።

ጥቅምት 14
የመጽሔቱ አዘጋጅ ደወለ። ተቀብሎታል። «እንዲህ ጽፈህ አታውቅም» አለኝ። አንዷን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዟታል፦ «አክስቴ ባለኝ ቁጥር አቤት የምትለው ሌላ ሴት ናት።» ከየት አመጣሃት? ከራሴ፣ አልኩ።
ከራሴ!
አክስቴ የሚላቸውን ኑረዲንን የወለዱት ራሳቸው ወ/ሮ ዘይነባ ናቸው፤ ሳያገቡ፣ በልጅነት። እህታቸው የራሷ አድርጋ አሳደገችው። ዛሬ ሱቃቸውን ይዞላቸዋል፣ ጎልማሳ ሰው። እናቱ መሆናቸውን አያውቅም። በልቦለዱ ስማቸውን ቀየርኩ፤ ቡራዩን ፉሪ አልኩት። ሱቁን ግን እንዳለ ተውኩት። አነጋገራቸውንም።

ጥቅምት 15፣ ከሥራ መልስ
ግቢው በር ላይ ኑረዲን ያዘኝ። «አካም፣ ዶክተር! አዲስ ነገር ወጣ ወይ? መጀመሪያ ለኔ!» የጻፍኩትን ሁሉ ያነባል። ከሰፈሩ እሱ ብቻ።
ወ/ሮ ዘይነባ ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ፦ «ማሽንህ አማርኛ ቻለ? ወይስ ወሬዬ ሰልችቶት ተኛ?»
ሳቅኩ። የምስቅበት ፊት አላጣሁም።

ጥቅምት 17
ዩኒቨርሲቲ። ለተማሪዎቼ የተናጋሪን ምሥጢር ስለመጠበቅ አስተማርኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።
ከሰዓት ደውዬ ጽሑፉ አይውጣ አልኩ። አዘጋጁ ተቆጣ። ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። ቅጂውን በዝምታ ላጠፋው አሰብኩ፤ ግን ሳያውቁ መውሰድ፣ ሳያውቁ ማጥፋት። ሁለቴ ሌባ።

ጥቅምት 18
ኑረዲን ለምሳ ሲወጣ ለወ/ሮ ዘይነባ ሁሉን ነገርኳቸው። ሚዛኑን ጠረጉ። ንጹሕ ነበር፤ ደግመው ጠረጉት።
«ልጁ አንብቦታል?»
አላነበበም፤ አይወጣምም፣ አልኩ።
«ድምፁን ብቻ ነው አላልከኝም?»
«ብዬዎታለሁ።»
ቅጂውን እፊታቸው አጠፋሁ። ድርሰቱን ግን አታጥፋ አሉ። ነገ ኑረዲን ዕቃ ሊያመጣ ከተማ ይሄዳል፤ መጥተህ አንብብልኝ፣ ምን አድርገህ እንደሠራኸኝ ልስማ።

ማታ
ድርሰቱን ለነገ ላሳምረው ከፈትኩት። ዛሬም! እጄን አነሳሁ። አንዲት ቃል አልነካም፤ እንዳለ አነብላቸዋለሁ። የእሳቸው ዓረፍተ ነገር፣ «አክስቴ ባለኝ ቁጥር» ላይ ስደርስ ግን «ይህቺ የእርስዎ ናት፤ ከራሴ አይደለችም» እላቸዋለሁ።