በቆመ መኪና ውስጥ የቀረው የአባቴ ድምፅ

ለተከበሩ የመኪና ጥገና ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ ሁሉ ደህና እንዲሆኑልኝ፣ ይልቁንም አባትዎ በሕይወት ካሉ ዕድሜያቸው እንዲረዝም ከልብ እመኛለሁ። እኔ መድኃኒት ቤት የምሠራ፣ ነጯን መኪናዬን ለእናንተ ብቻ የማሳይ ደንበኛዎ ነኝ። በአደባባይ የጻፍኩልዎ ቢሮዎ በር ላይ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ከመባል በቀር ሌላ መልስ ስላጣሁ ነው፤ ስብሰባው በሰላም እንዲያልቅም እጸልያለሁ።

፩. በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። የመኪናዬ ብሉቱዝ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ስልኬን አልለቅ ብሎ፣ ቤት ገብቼ ስልክ ሳነሳ የደዋዩ ድምፅ ግቢ በቆመው መኪና ውስጥ እየቀረ ሲያስቸግረኝ፣ ባለሙያዎ በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ "ሙዚቃ ይሰማል አይደል?" ብለው ጠየቁኝ። ይሰማል አልኩ። "ታዲያ ምን ጎደለ?" ብለው ሸኙኝ። እውነታቸውን ነው፣ ሙዚቃስ አልጎደለብኝም።

፪. ስመለስ ስልኬን ከመኪናው ሰርዘው እንደገና አገናኙት። አሁንም ስመለስ ባለሙያዎ ጥፋቱን በስልኬ ላይ አላከኩና እኔም ስልክ ቀየርኩ። አዲሱም ያው ሲሆን መኪናዬን አሳድረው፣ "አሁን ፍጹም ተስተካክሏል፣ ሐሳብ አይግባዎት" ብለው ቁልፌን በክብር አስረከቡኝ። የዋህ ነኝና አመንኩ።

፫. አባቴ ለልብ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቅያሪ ልብስ ልወስድለት ቤት ገብቼ ሻንጣ ሳዘጋጅ ደወለ። አነሳሁት፤ ዝም። "አባዬ፣ አትሰማኝም?" አልኩ፤ ዝም። መኪናው ተስተካክሏል ብዬ አምኜ ነበርና ኔትወርኩን ረግሜ፣ ዘግቼ መልሼ ደወልኩ። ተነሳ፤ አሁንም ዝም። ግቢ ልብስ ሲያሰጡ የነበሩት ጎረቤቴ ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው፣ "ልጄ፣ አባትሽ መኪናሽ ውስጥ እየተጣሩ ነው" አሉኝ። ሮጬ ወርጄ በሩን ስከፍት መስመሩ ተቋርጧል። ደግሜ ስደውል ያነሳችው ነርሷ ናት። "አሁን ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቧቸው፣ ሲወጡ ያገኟቸዋል" አለችኝ።

አባዬ በሕይወት አልወጣም።

ከቀብሩ በኋላ ጎረቤቴን ምን ሲል እንደሰሙ ለመንኳቸው። "የመኪናሽ መስኮት ዝግ ነበር፣ ሁሉንም አልለየሁትም። ብቻ 'ምነው ዝም አልሽኝ፣ ተቀየምሽኝ እንዴ?' ሲሉሽ ነበር" አሉኝ። ክቡርነትዎ፣ እኔ አባቴን በሕይወቴ ተቀይሜው አላውቅም። ይህንን የምነግርበት መስመር ግን የለኝም።

ነገሩን ለባለሙያዎ ሳስረዳ፣ በስልኬ ስክሪን ላይ ድምፁን ከመኪናው ወደ ስልኩ የሚመልስ ምልክት እንዳለና እሱን መንካት እንደነበረብኝ በትሕትና አስተማሩኝ። ለትምህርቱ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የምለምንዎ ካሳ አይደለም። ከእንግዲህ አንድ ሰው ስለ ድምፅ አቤት ሲልዎ፣ የሚደውልለት ማን እንደሆነ ይጠይቁልኝ።

ለድካማችሁ ሁሉ አንገቴን ደፍቼ እጅ እየነሳሁ፣
መኪናዋን ግቢ አቁማ በእግሯ የምትመላለሰው ታማኝ ደንበኛዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት መድኃኒት ቤት ሥራ ላይ ሳለሁ ከመሥሪያ ቤትዎ አንዲት ጨዋ ልጅ ደውላ በአገልግሎታችሁ ምን ያህል እንደረካሁ ጠየቀችኝ። እያንዳንዱ ቃሏ ጥርት ብሎ ደረሰኝ። ለድምፁ ጥራት ሙሉ ነጥብ ሰጥቻለሁ፤ ስለ ቀረው ግን እርስዎ ራስዎ ደውለው ይጠይቁኝ።