ከቤክ ሌን ትምህርት ቤት በር አራት መቶ ሜትር ላይ የኖሩት የወይዘሮ ሂልዳ ኦልድሮይድ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሂልዳ ኦልድሮይድ ከአባታቸው ከአቶ ኧርነስት ፒልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢዲት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የካቲት 9 ቀን 1946 በሰሜን እንግሊዝ በሃርትስዊክ ከተማ ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ከቤክ ሌን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራት መቶ ሜትር ይርቃል። ዕድሜያቸውን በሙሉ የኖሩትም እዚያው ነው። ሌላ ሰፈር ይሻልዎታል ያላቸው ሰው ካለ መልሱን አግኝቷል።

ያን ጊዜ ቤክ ሌን የሚገቡት በአሥራ አንድ ዓመታቸው ተፈትነው ያለፉ ልጆች ብቻ ነበሩ። የወደቁት ከትምህርት ቤቱ ግንብ ማዶ ባለው ሌላ ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። ወይዘሮ ሂልዳ በ1957 ተፈትነው ወደቁ። ባቡሩ በስንት ሰዓት ይደርሳል ለሚለው ጥያቄ፣ እዚህ ከተማ በሰዓቱ የደረሰ ባቡር የለም ብለው ጽፈው ነበር፤ እስከ መጨረሻውም ትክክል ነኝ እንዳሉ ኖሩ። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ካልሲ ፋብሪካ ገቡ። በ1968 ከአውቶቡስ ሹፌሩ ከአቶ ኖርማን ኦልድሮይድ ጋር ተጋብተው በ1971 ልጃቸውን ኪትን ወለዱ።

በ1974 ፈተናው ቀርቶ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች አንድ ሆኑ። ግንቡ ሲፈርስ ወይዘሮ ሂልዳ ቆመው አዩ፤ አንድ ጡብም ይዘው ሄዱ። በ1979 በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ተቀጠሩ። ድንች ሲያድሉ የልጁን ሁሉ ስምና አድራሻ በቃላቸው ስለያዙ ወደ ምዝገባ ቢሮ ተዛወሩ።

በ1997 ትምህርት ቤቱ አመሉ ተነሣበትና ከአራት ልጆች አንዱን በፈተና፣ ሦስቱን በቤታቸው ቅርበት መቀበል ጀመረ። ርቀቱን የሚያጣሩት ወይዘሮ ሂልዳ ነበሩ። ማመልከቻ የሚገባበት ጥቅምት በመጣ ቁጥር አያቴ ጋ ነው የምኖረው የሚል ልጅ ይበዛል። አንድ ዓመት ስድስት ልጆች በአንድ አያት መኝታ ቤት ተመዘገቡ። ወይዘሮ ሂልዳ ሄደው ሲያዩ አያትየዋ ከድመታቸው ጋር ብቻቸውን ሻይ ይጠጣሉ። ስድስቱንም ሰረዟቸው።

አቶ ኖርማን በ2003 ዐረፉ። በ2006 ደግሞ የአድራሻው ነገር ወይዘሮ ሂልዳ ቤት ገባ። የኪት ልጅ ብራዮኒ ተፈትና ወደቀች፤ ከዘር ሳይሆን አይቀርም። የአባቷ ቤት ከተማው ዳር ስለሆነ በቅርበትም አትገባም። ጓደኞቿ ሁሉ ቤክ ሌን ሲገቡ እሷ ሁለት አውቶቡስ ይዛ ሌላ ቦታ ልትማር ሆነ።

«እማዬ፣ ያንቺን አድራሻ ብንጽፍ ማን ያውቃል?» አለ ኪት።

«እኔ አውቃለኋ። ውሸት አልመዘግብም። አልጋዋን ይዛ ትምጣና ትኑር። እስክትጨርስ ሰባት ዓመት ነው፤ መሀል ላይ ናፈቀችኝ የሚባል ነገር የለም።»

ብራዮኒ አልጋዋን ይዛ መጣች። ወይዘሮ ሂልዳም ማመልከቻውን ሌላ ሰው እንዲያጣራው ትተው፣ ልጅቷ ሰባቱን ዓመት እሳቸው ቤት እንደምትኖር በሌላ ወረቀት ጽፈውና ፈርመው፣ ቤቴ ይፈተሽ ብለው ርዕሰ መምህሩን ጠየቁ። እንዲህ ያለ ነገር የጠየቀ ሠራተኛ ከዚያ በፊትም በኋላም አልታየም። ርዕሰ መምህሩ የላኳቸው አጣሪ አቶ ኦክሾት አንድ ሐሙስ ጠዋት ሳይናገሩ መጡ። የጥርስ ብሩሿን አዩ፣ ጫማዋን አዩ፣ አላመኑም። ብሩሽማ ስንቱን አይተዋል። በእርግጥ እዚህ ትኖሪያለሽ ወይ ብለው ብራዮኒን ጠየቋት።

«ጌታዬ፣ እዚህ ሐሙስ ሐሙስ ጉበት ነው። ራት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ከአትክልት እንክብካቤ ፕሮግራም በቀር ሌላ አያሳይም። ባልኖርበት ኖሮ ይሄን ሁሉ ምን አስቻለኝ?»

አቶ ኦክሾት «ትኖራለች» ብለው ጻፉ። ወይዘሮ ሂልዳ በር ላይ ቆመው ሰምተው ነበር፤ የዚያን ቀን ማታ ጉበቱ ቀርቶ ዓሣና የተጠበሰ ድንች ከሱቅ ተገዛ። መጋቢት ላይ ደብዳቤው መጣ፤ ብራዮኒ ገባች።

ወይዘሮ ሂልዳ በ2011 ጡረታ ወጡ። ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ሲተኙ ብራዮኒ ከክፍል ቀርታ ልትጠይቃቸው ብትመጣ፣ ቦታ ያጡ ልጆች አሉ ብለው መለሷት። መጋቢት 14 ቀን 2012 በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። አንድ ልጅና አንድ የልጅ ልጅ ትተዋል።

ብራዮኒ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ይቀራታል። አባቷ አሁንማ ወደ ቤትሽ ነይ ብሏት ነበር። ፊርማው ግን የሰባት ዓመት ስለሆነ፣ ባለፈው እሁድ ሻንጣውን ይዞ ወደ ወይዘሮ ሂልዳ ቤት የገባው እሱ ነው።

እግዚአብሔር ለወይዘሮ ሂልዳ ነፍስ የማይለቀቅ ቤት ይስጥልን።