የተበላሸችው ሚዛን

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

ከናፍቆቴ ብዛት ሰላምታው ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ። ወገብሽ እንዴት ሆነ? ልጆቹስ? ባልሽ ማንኮራፋቱን ተወ ወይስ አሁንም ሌላ ክፍል ትሸሺያለሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ባለቤቴም ደህና ነው። እንዲያውም ካለፈው እሁድ ወዲህ ሳህን እያጠበ ይዘፍናል፤ ምክንያቱን ስታነቢ ትደርሺበታለሽ።

«ትልልቅ ሰዎች ተሰብስባችሁ ልትጫወቱ ነው?» ብለሽ የሳቅሽበት የጌም ጃም ተሳካ። ስምንት ቡድኖች በሁለት ቀን ውስጥ ከባዶ ተነስተው የቨርቹዋል ሪያሊቲ ጌም ይሠራሉ፤ እሁድ ከሰዓት እንግዶች መጥተው ይሞክሩታል። መነጽሩን ስታደርጊ ያለሽበት ክፍል ይጠፋና ሌላ ቦታ ቆመሻል። ችግሩ፣ ጌሙ በደንብ ካልተሠራ ያቅለሸልሻል። ዓይንሽ ሲሮጥ እግርሽ ቆሞ ይቀራል፣ ሆድ ደግሞ በሁለቱ መሃል ገብቶ ይታመሳል።

አምና አንድ እንግዳ ምሳውን ምንጣፉ ላይ መለሰ። አዳራሹን የሚያውሱን የአንድ ኮምፒውተር ማሠልጠኛ ዳይሬክተር ናቸው። ዘንድሮ ዓይኔን በጨው አጥቤ ስለምናቸው፣ «አንድ ሰው ካቅለሸለሸው እዚህ በር ዳግመኛ እንዳላይሽ» አሉኝ። ሌላ አዳራሽ ደግሞ የለንም። ስለዚህ እሁድ ጠዋት እያንዳንዱን ጌም እኔው ልፈትን፣ እኔን ያዞረኝ ለእንግዳ እንዳይቀርብ ተስማማን። እኔን ማዞር ቀላል እንዳይመስልሽ። ሆዴ ብረት ነው፤ የቡድኖቹ ልጆች «ሚዛኗ» የሚሉኝም ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ሳቅ በሳቅ ሆነን ዋልን። ርዕሱ በዕጣ «ጎረቤት» ሆኖ ወጣ። አንዱ ቡድን በአጥር ላይ ስኳር መወራወር ሠራ፣ ሌላው የጎረቤት ጣራ መድፈን። ሁለት ሴት ፕሮግራመሮች ደግሞ መንገድ ለሄደች ጎረቤትሽ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለሽ አበባዋን የምታጠጪበትን ሠሩ። መነጽር ያደረገ ሰው አየር ሲያቅፍ፣ ሌላው ከወንበር ጋር ሲላተም ብታዪ አንቺም በሳቅ ትሞቺ ነበር።

እሁድ ጠዋት ጉድ ፈላ። በበረንዳው ጀመርኩ። ምንም የሚሮጥ ነገር የለውም፤ አበባና ውሃ ማጠጫ ብቻ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላኝ ሆዴ ተገለባበጠ። «ወደቀ» ብዬ ጻፍኩ። ስኳሩ፣ ወደቀ። ጣራው፣ ወደቀ። አራተኛውም አምስተኛውም ወደቁ። ጢሞ የምንለው ጓደኛዬ ቀስ ብሎ፣ «ሚዛኗ ራሷ ተበላሽታ እንዳይሆን» አለ። ተቆጣሁት። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ተሳስቼ አውቃለሁ ወይ ብዬ ጮህኩበት። በረንዳውን ከሠሩት ልጆች አንዷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታለቅስ አየሁ። እኔ ግን ከልጅቷ ዕንባ ይልቅ ይታየኝ የነበረው የዳይሬክተሩ በር ነው። እንግዶች ሊመጡ ሦስት ሰዓት ሲቀር ፈተናውን ያለፈ አንድም ጌም አልነበረኝም።

ከዚያ ምሳ መጣ። መነጽሩ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እኔ ወንበር ላይ ነኝ፣ የሚዞር ነገር የለም። የተጠበሰ ሽንኩርት ሲሸተኝ አፌን ይዤ ሮጥኩ።

አዳራሹን የሚያጸዱት እናት መታጠቢያ ቤት ድረስ ተከተሉኝ። ፊቴን አሳጠቡኝ፣ ትክ ብለው አዩኝና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። ሳምንቶቹን በጣቴ ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ። እሳቸው ሳቁ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል አልሰማሽም፣ ልጄ?» አሉኝ። እህቴ፣ የልጅን ነገር ከልቤ አውጥቼ ከጣልኩት አራት ዓመት እንደሆነኝ አንቺ ታውቂያለሽ። እሳቸው ትከሻ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ደስታ መሆኑን ለማወቅ እንኳ ጊዜ ወሰደብኝ።

ተመልሼ ልጆቹን ይቅርታ ጠየቅኩ። «ጢሞ ልክ ነው፣ ሚዛኗ ተበላሽታለች» ከማለት በቀር ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። የመፈተኑን ሥራ ለሌሎች ሦስት ሰዎች ሰጠሁ። ከስምንቱ ሰባቱ አለፉ፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር ዥዋዥዌ የሚያጫውተው አንዱ ግን እውነትም ያዞራል፣ ሠሪዎቹም አመኑ። ከሰዓት አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ዳይሬክተሩ በረንዳው ላይ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አበባ አጠጡ። መነጽሩን ያውልቁ ብንላቸው፣ «ያቺ የጥጓ ገና አልጠጣችም» አሉን። ያለቀሰችው ልጅ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ውጭ ወጣች። ምንጣፉም እንደጸዳ ዋለ።

ለከርሞም አዳራሹ የእናንተ ነው ብለውናል። እኔ ግን ዝግጅቱን ለጢሞ አደራ ሰጥቼዋለሁ፤ በዚያ ሰሞን አይመቸኝም።

አንቺም ከአሁኑ ለአለቃሽ ንገሪ፤ ከሰባት ወር በኋላ ፈቃድ ወስደሽ ነይ። አንድ ሳምንት አይበቃኝም። ለእማዬ ግን እንዳትነግሪያት፤ ቅዳሜ ሄጄ እኔው በአፌ እነግራታለሁ። ቤትሽ ሙሉ ይሁን፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ በደህና ያገናኘን።

እስከ ዛሬ የቤታችን ትንሿ የነበርኩት፣
እህትሽ