ባዶዋን ስለተመለሰችው ሳጥንና ስለ እህቴ ድምፅ

ለከተማችን የሕዝብ ታሪክ ማኅደር ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ ደጃፍ ተቀምጬ ስጠብቅ ጸሐፊዎ፣ «አለቃ ጉሮሯቸውን ይዟቸዋል፤ ዛሬ ሰው አያነጋግሩም» ብላ ስትነግረኝ ከልቤ አዘንሁ። ድምፅ ማጣት ምን እንደሆነ በቤቴ ስለማውቀው፣ የእርስዎ ቶሎ እንዲመለስልዎ እመኛለሁ። ይህን ጽሑፍ በጋዜጣ ለማውጣት የደፈርሁትም ክብርዎን ለመዳፈር ሳይሆን፣ በእጄ ያስገባሁት የቀድሞው ደብዳቤዬ መዝገብ ቤትዎ ውስጥ ተመቻችቶ ዐርፎ ስላየሁት፣ ከዕረፍቱ እንዳልቀሰቅሰው ብዬ ነው።

አንባቢ እንዲከተለኝ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ታላቅ እህቴ በዚህች ከተማ ስልክ በሰው እጅ ይገናኝ በነበረበት ዘመን አገናኝ ነበረች። ማዳመጫውን ራሷ ላይ ደፍታ፣ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ ወደ ሌላው እየሰካች፣ ባልን ከሚስት፣ ነጋዴን ከደንበኛው፣ ሐኪምን ከሕመምተኛው ስታገናኝ ኖራለች። መልኳን የማያውቅ ሁሉ ድምፅዋን ያውቀው ነበር፤ ገበያ ወርዳ ዋጋ ስትጠይቅ ሻጩ ቀና ብሎ፣ «እመቤት፣ እርስዎ ነዎት እንዴ መስመር ተይዟል እያሉ የሚያቃጥሉኝ?» ይላት ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ የአረጋውያንን ታሪክ በቪዲዮ ልቅረጽ ብሎ ሲነሣ ከእርሷ ዘንድ መምጣቱ ማስተዋል ነበር፤ ለዚህ የማመሰግንዎ ያለ አሽሙር ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን ምስጋና ግን እንደሚገባው ይቀበሉት።

የካሜራ ባለሙያዎ፣ ባልደረቦቹ በቁመቱ ምክንያት «ምሰሶ» የሚሉት ጎልማሳ፣ ሳሎናችን መጥቶ ቁም ሣጥናችንን አስነሥቶ እህቴን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጣት። ረፋዱን ሙሉ አወራች፤ አሳቀችንም። የካሜራው ካርድ በሞላ ቁጥር የሞላውን በግራ ኪሱ፣ ባዶውን በቀኝ ኪሱ ያደርጋል፤ ሥርዐት ያለው ሰው ስለሆነ ወደድሁት። ሲጨርስ ከቦርሳው ከጡብ የምታንስ ሳጥን አወጣ። ይህች ሳጥን ኮምፒውተር በሌለበት ሜዳ ላይ የካሜራውን ካርድ ስትጎርስ በውስጡ ያለውን ወደ ራሷ ትገለብጣለች፤ ስትጨርስም አረንጓዴ መብራት ታበራለች። እኔም፣ «ልጄ፣ ያ ሁሉ ወሬ አሁን ያለው እዚህች ውስጥ ብቻ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ለጊዜው አዎ፣ እማማ። ሁለተኛ ሳጥን ጠይቀን፣ አንዷን መች ሞላችኋት ተባልን» አለኝ። ቀጣዩ ባለታሪክ ይጠብቀው ስለነበር ካርዶቹን እዚያው አጠፋቸው። ፊቴ ሲለዋወጥ ያየችው እህቴ፣ «አይዞህ ምሰሶ፣ የጠፋ ካለ ደግሜ አወራልሃለሁ» አለችው።

ወሩ ሳይወጣ ሕመም ጣላት፤ ቀኝ እጇን አድክሞ አንደበቷን ወሰደው። አሁን ቅሬታዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ለሜዳ ሥራ አንዲት ሳጥን ብቻ በመስጠት ላሳዩት ቁጠባ አመሰግናለሁ። የካሜራ ሰዎች ሕግ፣ አንድ ሥራ በሁለት ቦታ ሳይቀመጥ ካርዱ አይጠፋም የሚል እንደሆነ ከራሱ ከምሰሶ ተረድቻለሁ። ይህ አሠራር ለጽሕፈት ቤትዎም እንግዳ እንዳልሆነ ያረጋገጥሁት፣ አዳራሽዎ መስኮቶች ላይ ድርብ መጋረጃ ተሰቅሎ ስላየሁ ነው፤ ፀሐይ አንዱን ብታልፍ ሌላው ይይዛታል። እንግዲህ ለፀሐይ የታሰበው ጥንቃቄ ለሰው ቃል አለመድረሱ የቅደም ተከተል ጉዳይ ይሆናል።

ሁለተኛ። ለንብረት ክፍል ኃላፊዎ ትጋት ያለኝን አድናቆት መደበቅ አልችልም። ምሰሶ ከሜዳ ሲመለስ የኮምፒውተሩ ክፍል ለቆጠራ ተዘግቶ ነበር፤ ሳጥኗን እንዲያስረክብና ወደ ሌላ ሥራ እንዲወጣ ታዘዘ። እርሱም «አልተገለበጠም፤ እንዳይነካ» ብሎ የጻፈበትን ፕላስተር ለጥፎባት አስረከበ። የንብረት ክፍል ኃላፊው ግን በመሥሪያ ቤት ንብረት ላይ ምንም ነገር መለጠፍ ክልክል ነውና መጀመሪያ ፕላስተሩን ልጦ ጣለ፤ ቀጥሎም ሳጥኗ ወጪ ስትሆን ባዶ ስለነበረች፣ ገቢ ስትሆንም ባዶ መሆን አለባት ብሎ በውስጧ ያለውን ሁሉ አጠፋው። ሄጄ ስጠይቀው ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና፣ «እትዬ፣ ንብረት እንደተሰጠ ነው የሚመለስ። ባዶ ሰጠን፣ ባዶ ተቀበልን። እኔ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን እንዲያ ጠንክሮ ባልሠራ ነበር። እናታችን ከጎረቤት የተዋስነውን ዕቃ ባዶውን እንዳንመልስ ቆንጥጣ አሳድጋናለች፤ ዕቃ ሞልቶ ስለተመለሰለት የተከፋ ጎረቤት ያየሁት በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው። ሰዎችዎን ሜዳ ድረስ የሚልኩት ምን ይዘው እንዲመጡ እንደሆነ ለንብረት ክፍሉ የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሦስተኛውን ትቼዋለሁ፤ ስለ መጠበቂያ ክፍልዎ አግዳሚ ወንበር ነበር። ከእህቴ ጉዳይ ጎን ተጽፎ ሳየው አፈርሁበት።

አራተኛ። ምሰሶ የሆነውን ሲሰማ ካለበት ሜዳ ደወለልኝ። «እማማ፣ ከሳጥን የጠፋ ነገር ወዲያው ድራሹ አይጠፋም፤ አዲስ ነገር እስኪጫንበት ከሥር ይቆያል። ሳጥኗን ማንም ካልነካት የሚያወጣው ባለሙያ አለ። ከተጫነባት ግን በቃ» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ በዚያው እግሬ ወደ እናንተ መጣሁ። የቀረጻ ክፍሉ ኃላፊ ትሑት ሰው ናቸው፤ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀበሉኝ፤ አዳምጠውኝ ሲያበቁም «እናየዋለን» አሉኝ። ምኑን እንደሚያዩት ስጠይቃቸው ሳጥኗ በሚመጣው ሳምንት ለጽሕፈት ቤቱ የምሥረታ በዓል መመደቧን ነገሩኝ። የሚጫንባት የእርስዎ የመክፈቻ ንግግር ነው። ርእሱ «ትዝታችንን ከመጥፋት እንታደግ» የሚል መሆኑን ከበሩ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ አንብቤአለሁ።

ክቡር ሆይ፣ በቤታችን የእህቴን ድምፅ የያዘ ሌላ ነገር የለም። የእጅ ስልክ እንድትይዝ ስንለምናት፣ «ዕድሜ ልኬን የሰው ስልክ ይዤ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ስልክ ይያዘኝ?» እያለች ስታሾፍብን ኖረች፤ እኛም እየሳቅን ተውናት። አሁን ንግግር የሚያለማምዷት ባለሙያ፣ የራሷን ድምፅ ብትሰማ ቃሉን ተከትላ ልትሄድ ትችል ይሆናል፤ ቆየት ባለ ቁጥር ግን እየከበደ ይሄዳል ብለውናል። ቀኑን ጠረጴዛው አጠገብ ትውላለች። በደህናው እጇ ከጠረጴዛው የላስቲክ ልብስ ላይ የሌለ ገመድ ትነቅልና ወደ ሌላ ቦታ ትሰካለች። ቴሌቪዥን በተከፈተ ቁጥር ፊቷን ወደ እኔ ትመልሳለች፤ ዛሬ የምትታይ ይመስላታል። የምታስታምማት የወንድማችን ልጅ፣ «ነገ ነው፣ እትዬ» ትላታለች። እኔ መጋረጃውን አስተካክላለሁ፤ ነጠላ ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ሳጥኗን ለማንም አይስጡ። በመሳቢያ ይቆልፉባትና የጠፋውን የሚያወጣው ባለሙያ እስኪያያት ድረስ ሥራ ፈትታ ትቀመጥ፤ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ በመሥሪያ ቤትዎ ያልተለመደ ነገር አይደለም። ያን ዕለት ረፋድ እህቴ ካወራቻቸው ነገሮች አንዱ ሥራ በጀመረች ቀን አለቃዋ የነገሯት ነበር፤ መስመር ላይ ሰው እያለ ገመድ የነቀለች አገናኝ ማዳመጫዋን አስቀምጣ ወደ ቤቷ ትሂድ ብለዋት ነበር። እርሷም ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አልነቀለችም። አሁን መስመር ላይ ያለችው እርሷ ናት።

ጉሮሮዎን ለብ ባለ የጨው ውሃ እየተጉመጠመጡ ከብርድ እንዲጠበቁ እየመከርሁ፣ ለሰጡኝ የመጠበቂያ ጊዜ ሁሉ ባለዕዳዎ መሆኔን እየገለጽሁ፣ ከደጃፍዎ ለወደፊቱም የማልታጣ መሆኔን በታላቅ አክብሮት አረጋግጣለሁ።

የስልክ አገናኟ ታናሽ እህት

ማስታወሻ፦ ሳጥኗ ከቀረች ንግግርዎ ማስቀመጫ ያጣል ብለው እንዳይሰጉ። የዓምናውንም የካቻምናውንም አዳራሽዎ ውስጥ ተቀምጬ ሰምቻለሁ፤ ከሰላምታው እስከ ጭብጨባው አንድ ስለሆነ በቃሌ ይዤዋለሁ። በፈለጉት ቀን መጥቼ አንድ ቃል ሳላጎድል እደግምልዎታለሁ። የእህቴንም ሞክሬው ነበር፤ ከመጀመሪያው ሳቋ ወዲያ አልሄደልኝም።