«ተቀበይ!» አልኳት

አዲስ አበባ፣ ጥር 24 ቀን 1955 ዓ.ም.

ቢሻው ወንድሜ፣ ትናንት ለጊዮርጊስ እናንተ ቆሰበር ላይ ፈረስ ስትጋልቡ፣ እኔ እዚህ በፖስታ ካርዱ ሥዕል ላይ ከምታየው ቲያትር ቤት ገብቼ ልታሰር ነበር።

ቀልደኛውም ጨፋሪውም በየተራ ይወጣል፤ ሰዉ ቅዳሴ ላይ ያለ ይመስል ጸጥ ብሎ ያያል። በመጨረሻ አንዲት ዘፋኝ ከማሲንቆ መቺ ጋር ወጣች። እኛ ዘንድ ማሲንቆ ሲመታ ግጥም መስጠት ወግ አይደል? ያለሁበትን ረሳሁና ተነሥቼ «ተቀበይ!» አልኳት። ስለ አባትህ ዳማ ፈረስ የምንለውን ግጥም ጀመርኩላት። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሳልጨርሰው ሁለት ዘበኞች ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። እሷም እጇን አንሥታ ማሲንቆውን አስቆመች። በቃ ታሰርኩ አልኩ።

ዘፈነችው፣ ቢሻው! ያልሰጠኋትን የመጨረሻውን ስንኝ ጭምር ዘፈነችው። ያኔ ነው ያወቅኋት፤ እህትህ እታለማሁ ናት። ከባሏ ቤት ከጠፋች አራት ዓመቷ፣ እዚህ በሌላ ስም ይጠሯታል። ዘበኞቹ ለቀቁኝ።

ስንወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ «ዳማው አለ?» አለችኝ።

«አለ። አባትሽ ዛሬም እሱን ነው የሚጋልቡት» ስላት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ካርዱ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳምልኝ፤ ለእናትህም እጅ ንሣልኝ። አባትህ ስሟ እንዳይነሣ እንደከለከሉ አውቃለሁ። ይህን ስታነብላቸው ግን ስሟን እንዳትዘለው።

ሽባባው