የከርቲስ ድንጋይ ላይ ያለው ስሙኒ

ይድረስ ለልጄ ለዳረል፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ውሻህም የጎረቤት ዶሮ እያሳደደ ያሰድበኛል።

እሁድ ወንድምህን ከርቲስን ልጠይቀው መካነ መቃብሩ ሄጄ ነበር። እንደምታውቀው የወታደሮቹ መካነ መቃብር በር ፀሐይ ስትወጣ ተከፍቶ ስትጠልቅ ይዘጋል። የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ያን ዕለትም ስሙኒ አገኘሁ። ለጥየቃ ብቻ የመጣ ሰው አንድ ሳንቲም እንደሚያስቀምጥ፣ ስሙኒ የሚያስቀምጠው ግን ሲሞት አጠገቡ የነበረ ጓደኛው እንደሆነ የነገርከኝ አንተው ነህ። ከርቲስ ሲሞት ደግሞ አጠገቡ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። እዚህ ድረስ መጥተህ እናትህን ሳታይ ትመለሳለህ? ባለጌ!

የመካነ መቃብሩ ቢሮ ሰውዬ ሚስተር ሆይት አየኝና፣ "የዳረልም ጉዳይ አልቋል" አለኝ።

"የምን ጉዳይ?"

"በውትድርና ያገለገለ ሰው እዚህ መቀበር ይፈቀድለት የለ? ቀድሞ ደውሎ አስጨረሰ። አርቆ አሳቢ ልጅ አለዎት።"

"ገና ሠላሳ አንድ ዓመቱ እኮ ነው" አልኩት። የእሱም ፈገግታ ጠፋ።

ሌላ ወሬ የለም። የበረንዳው አምፖል አዲስ ስለሆነ ልሞክረው ብዬ ቀንም ሌሊትም አላጠፋውም። አልጋህንም አንጥፌዋለሁ፣ አቧራ እንዳይገባበት።

ከመቃብር ላይ ሳንቲም እንደማይነሳ አውቃለሁ። እኔ ግን ስሙኒህን አንስቼ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ብትቆጣም ተቆጣ፤ ከፈለግኸው መጥተህ ከእጄ ተቀበል።

በሩን ሳልቆልፍ የምጠብቅህ፣
እናትህ ሎሬታ