ከነጋቢው የተመዘነው ካሳው

ቤሩት ላለሽው ልጄ ለሠናይት፤ በሰው አገር መንገድሽን የሚያቀና አምላክ ከፊት ከኋላሽ ይሁን። እኛ ደህና ነን።

እስከዚህ የእማዬ ቃል ነው። ከዚህ በኋላ እኔ ኃጢአተኛዋ እህትሽ ያለምወርቅ፣ የእሷን ቃል የምጽፍ መስዬ የራሴን በመጻፌ በፊትሽ እናዘዛለሁ። ፊደል አለማወቋ በጀኝ።

አሁን «ካሳው ወፍሯል፣ መዳህ ጀምሯል በያት» እያለችኝ ነው። ልጅሽ አሥር ወር ሞልቶት ገና አይቀመጥም። ስትሄጂ ሳቁ ለጎረቤት ይሰማ ነበር፤ አሁን ብኮረኩረውም ዝም ብሎ ያየኛል። ጤና ኬላ ያስመዘነችውም ዓይን እንዳይበላው ብላ ከነጋቢው ነው፤ ካርዱ ላይ የወፈረው ጋቢው ነው።

ትናንት የጤና ሠራተኛዋ ገነት እቤት መጥታ ክንዱን ስትለካው መለኪያው ክፉኛ መክሳቱን የሚያሳየው ቀዩ ላይ ቆመ። «ዛሬውኑ ደብረ ታቦር ወርዳችሁ ሐኪም ቤት አስተኙት» አለች። እማዬ ግን «ሰው ካየውማ አለቀለት» ብላ ሌላ ጋቢ ደረበችበት።

እሷ የምትሰማው አንቺን ብቻ ነው። ገነት ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንስታ በስልክ ትልክልሻለች፤ እንዳየሽው ደውለሽ «ውሰጅው» በያት። አምላክ ዳግም አቅፈሽው ለማየት ያብቃን።

እስክሪብቶዬን ሳላስቀምጥ እማዬ ቀና አለች። «አንቺ ያለምወርቅ፣ እኔ ዝም ካልኩ ቆየሁ፤ ምንድን ነው የምትጽፊው?»